ዌስት ሲያትል ከልጆች ጋር፦ አልካይ፣ ሊንከን ፓርክ ወይስ ሌላ?

ሲያትል ላይ ፀሐይ ወጣች ማለት የሁሉም ሰው ስልክ ይጮኻል። «ዛሬ የት ነን?» መልሱም የታወቀ ነው፤ አልካይ፣ የዌስት ሲያትሉ ባህር ዳርቻ። ከሬኒየር ቫሊም፣ ከሬንተንም፣ ከኬንትም፣ ከሊንውድም ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋል። ከዚያ ፓርኪንግ ፍለጋ ዙረት ነው። ልጆቹ ከኋላ ወንበር «ደረስን ወይ?» ይላሉ፤ ባህሩ በመስኮት እየታያቸው መውረድ አልቻሉም።

አልካይን እወደዋለሁ። ግን ዌስት ሲያትል ማለት አልካይ ብቻ አይደለም። ሰፈሩን በሰሜን ኤልየት ቤይ፣ በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ፣ በምሥራቅ የዱዋሚሽ ወንዝ ከበውታል። በዚህ ሁሉ ውሃ ዳር አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ብዙ ቦታ አለ። ለሁለት ዓመት ሕፃን የሚመቸው፣ የአሥር ዓመት ልጅ የሚፈነጭበት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አረፍ የሚሉበት፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ቁልፉን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ። አብሮን የሚሄደው ማን ነው? ውሃው ውስጥ መግባት ነው የምንፈልገው ወይስ ዳር መሆን? ሁለተኛዋን ላስቀድማት፤ የሕይወት ጉዳይ ናትና።

መዋኘት ከሆነ ዌስት ሲያትል አትሂዱ

በግልጽ ልናገረው። ልጆቹ ዋና ካማራቸው ምርጫው ባህሩ፣ ፒውጀት ሳውንድ፣ ሳይሆን ሐይቁ፣ ሌክ ዋሽንግተን፣ ነው።

የፒውጀት ሳውንድ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል። እንደየወሩ ከ46 እስከ 56 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ነው፤ በሴልሺየስ ከ8 እስከ 13 መሆኑ ነው። ጁላይ ላይ አየሩ 85 ቢገባም ውሃው አይከተለውም። ዳር ዳሩን ፀሐይ ትንሽ ታሞቀዋለች፤ ጥቂት ገባ ሲባል ግን ቅዝቃዜው ያው ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሳያስበው አየር ይስባል፤ ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይገባዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደግሞ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ይህ ዋና የማይችለውን ብቻ የሚያገኝ ነገር አይደለም። ጎበዝ ዋናተኛም ይሰጥማል።

ሌላም ነገር አለ። የከተማው ፓርኮች መሥሪያ ቤት በሰመር ላይፍጋርድ፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂ፣ የሚያቆመው ሐይቅ ዳር ነው። አልካይ ላይ ላይፍጋርድ የለም፤ ሊንከን ፓርክ ዳርቻም የለም። ሰው ስለበዛ ብቻ የሚጠብቅ ያለ ይመስለናል። ሁሉም ሌላው የሚያይ እየመሰለው ማንም ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ብዙዎቻችን ደግሞ ያደግነው ከባህር ርቀን ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ዋና ቢማሩም እኛ ዘለን ገብተን ልናወጣቸው አንችልም። ይህን እያወቅን ነው መምረጥ ያለብን።

ሌክ ዋሽንግተን በኦገስት ከ70 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ይሞቃል። ሱዋርድ ፓርክ፣ ፕሪቻርድ አይላንድ፣ ማውንት ቤከር እና ማድሮና በሰመር ላይፍጋርድ ከሚቆምባቸው ዳርቻዎች መካከል ናቸው። ፕሪቻርድ ሬኒየር ቢች ውስጥ ነው፤ ለብዙዎቻችን ከቤት ብዙም አይርቅም። ሱዋርድ ፓርክ ደግሞ 300 ኤከር ነው፤ ዳር ዳሩን የሚዞረው የተነጠፈ መንገድ 2.4 ማይል ይሆናል፤ ለብስክሌትም ለሕፃን ጋሪም ይመቻል። ዋና ያማረው ልጅ ሐይቅ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ትልቁ ሰው ዙሩን ይዞራል ማለት ነው። አንዱ ወላጅ ግን ከውሃው ዳር አይነሳም፤ ላይፍጋርድ ቢኖርም።

ሐይቁም የራሱ ችግር አለበት። ሙቀት ሲበዛ ጎጂ አልጌ ይወጣበታል፤ ባክቴሪያም ሲገኝበት ዳርቻው ይዘጋል። ኪንግ ካውንቲ በሰመር በየሳምንቱ እየመረመረ ውጤቱን ስለሚያወጣ ከመሄድ በፊት ማየት ነው። በሳውንዱ በኩል ደግሞ ከባድ ዝናብ ሲጥል የጎርፍና የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ ወደ ባህሩ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። የማስጠንቀቂያ ምልክት ካያችሁ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ውሃውን መንካት ይቅር።

ዌስት ሲያትል ሆኖም መዋኘት የግድ ከሆነ አንድ ድንቅ መፍትሔ አለ። እሱን ሊንከን ፓርክ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አልካይ፦ ለእንግዳ፣ ለወጣት፣ ለአመሻሽ

የአልካይ ትልቁ ሀብት አሸዋው ነው። በዚህ አካባቢ አብዛኛው የባህር ዳርቻ ጠጠርና ድንጋይ ነው። አልካይ ላይ ግን ልጅ ጫማውን አውልቆ የሚሮጥበት፣ በባልዲ የሚቆፍርበት እውነተኛ አሸዋ አለ። ዱዋሚሽ ሄድ ከሚባለው ጫፍ ጀምሮ እስከ አልካይ ጫፍ አቅራቢያ 2.5 ማይል ያህል የሚሄድ የእግር መንገድም አለው። ሜዳ ነው፤ ዳገት የለበትም። ጋሪ ለሚገፋም፣ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ ሮለር ስኬት ለሚያደርግም ይሆናል። ማዶ ዳውንታውን ወለል ብሎ ይታያል። ጥርት ባለ ቀን በምዕራብ የኦሎምፒክ ተራሮች በረዷቸውን ተሸክመው ይታያሉ።

ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ታሪክም አለው። ዴኒ ፓርቲ የሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች ኖቬምበር 13 ቀን 1851 የወረዱት እዚህ ነው፤ ለመታሰቢያቸው የቆመ ሐውልትም አለ። እንግዳችሁ ታሪክ ወዳድ ከሆነ ግን ከእነሱ ብዙ ዘመን በፊት የዱዋሚሽ ሕዝብ እዚህ ይኖር እንደነበር ንገሩት። በ2009 የተከፈተው የዱዋሚሾች ሎንግሃውስ እዚያው ዌስት ሲያትል ውስጥ፣ በወንዙ በኩል ነው። ትንሿ የነፃነት ሐውልትም አልካይ ላይ ናት። መጀመሪያ በ1952 ቦይ ስካውቶች ያቆሟት ስትሆን የአሁኗ በኋላ እንደገና የተሠራች ናት። ኒውዮርክ ሳይሄዱ ፎቶ መነሳት የሚፈልግ እንግዳ ሁሌ አይጠፋም።

ለትንንሽ ልጆች ዋናው መጫወቻ ዳርቻው ላይ አይደለም። ከባህሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዌይል ቴል የሚባለው መጫወቻ አለ፤ ከመሬት የወጣ የዓሣ ነባሪ ጭራ ቅርጽ ስላለው ነው። አሸዋ የሰለቸው ልጅ እዚያ ይወሰዳል። መንገድ ተሻግሮ የሚኬድ ስለሆነ ግን አንዱን ልጅ አሸዋ ላይ፣ ሌላውን መጫወቻው ላይ አድርጎ ሁለቱንም ማየት አይቻልም። ብቻችሁን ሁለት ልጅ ይዛችሁ ከወጣችሁ አልካይ ያደክማችኋል።

ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ፀሐይ ካለ ፓርኪንግ አይታሰብም። ሄዳችሁ የምትደሰቱበት ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ጠዋት ነው፤ ከአራት ሰዓት በፊት። ሁለተኛው በሥራ ቀን አመሻሽ ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ከሥራ መልስ ብዙ ብርሃን ይተርፋል። ከጨለመ በኋላ ግን ጩኸቱና የመኪናው ግሳት ይበዛል። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ፀሐይዋን ሸኝታችሁ ተነሱ።

ወጣቶች ከሆናችሁ ሌላ ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ አለ፤ በሰመር እሳት የሚነድባቸው የተዘጋጁ ጉድጓዶችም አሉ። እሳት የሚፈቀደው እነሱ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚነደውም ንጹሕ ደረቅ እንጨት ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ የተለጠፈውን አንብቡ። ደረቅ ወቅት ሲሆን እሳት ጨርሶ የሚከለከልበት ጊዜም አለ።

ሊንከን ፓርክ፦ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ቤተሰብ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ልጆች፣ አያት፣ ምግብ፣ ኳስ፣ ሁሉንም ጭኖ ለሚወጣ ቤተሰብ ሊንከን ፓርክን የሚያህል የለም።

135 ኤከር ነው። ከፎንትሌሮይ የፌሪ ማረፊያ አጠገብ ነው ያለው፤ ልጆች ትልልቆቹ ፌሪዎች ወደ ቫሾን ደሴት ሲሄዱና ሲመጡ እያዩ መዋል ይችላሉ። ፓርኩ ሁለት ፎቅ አለው ማለት ይቻላል። ላይኛው ሜዳው፣ ጫካው፣ የልጆች መጫወቻዎቹና የፒክኒክ መጠለያዎቹ ያሉበት ነው። ታችኛው ባህር ዳሩ ነው። በሁለቱ መካከል ገደል አለ፤ የሚያወርዱት መንገዶችም ተዳፋት ናቸው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ላይ አቁሞ በጋሪ ወደ ባህሩ ይወርዳል፤ ሲመለስ ዳገቱ አለ፤ ልጁም «እቀፈኝ» ይላል።

ዘዴው ቀላል ነው። ለባህሩ ከመጣችሁ በደቡብ በኩል፣ ወደ ፌሪው ቀረብ ብላችሁ አቁሙ። ከዚያ ያለ ዳገት ወደ ባህር ዳሩ መንገድ ትገባላችሁ፤ መንገዱ የተነጠፈ ነው፤ ጋሪም ይሄዳል። ለመጫወቻው ከመጣችሁ ደግሞ ላይ አቁማችሁ ላይ ዋሉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ላይኛው ክፍል ይሻላል። ጥላ አለ፤ ወንበር አለ፤ መጸዳጃው ቅርብ ነው፤ በዛፎቹ መሐል ባህሩም ይታያል።

ልጆቹን ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ ማየት መቻላችሁ ከአልካይ የሚለየው ትልቁ ነገር ነው። መጫወቻው ከአውራ ጎዳና ጋር አይጋፋም። በሰመር ሞቃት ቀን ደግሞ ለሕፃናት የሚሞላ ጥልቀት የሌለው ገንዳ አለ። የሚከፈተው የአየር ትንበያው 70 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ደመና ባለበት ቀን ገንዳውን ለልጅ ቃል ገብቶ መሄድ ለቅሶ ያመጣል፤ ቀድሞ ማረጋገጥ ይሻላል።

አሁን ያልኳችሁ መፍትሔ። ኮልማን ፑል ይባላል። ባህሩ ጠርዝ ላይ የተሠራ፣ 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ የሚሞቅ የጨው ውሃ መዋኛ ነው። ከ1941 ጀምሮ አለ። በሰመር ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በክፍያ ነው፤ ላይፍጋርድም አለው። ልጃችሁ ከጎኑ ባህሩን እያየ በሞቀ ውሃ ይዋኛል። እስከ በሩ መኪና አይገባም፤ በእግር ግማሽ ማይል ያህል አለ። ፎጣውንና መክሰሱን ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ያስብ። መዋኛው የውድድር ቀን ለሕዝብ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ፕሮግራሙን አይታችሁ ሂዱ።

ባህር ዳሩ ላይ አሸዋ አትጠብቁ። ጠጠር ነው፤ ማዕበል ያመጣቸው ትልልቅ ግንዶችም ተጋድመውበታል። ልጆች ግንዶቹን ይወዷቸዋል፤ በድንጋይና በእንጨት ቤት ይሠሩባቸዋል። ውሃው ሲሸሽ ምንም አይደለም። ውሃው ግንዶቹ ጋ ከደረሰ ግን ልጅ እንዲወጣባቸው አትፍቀዱ። ሲታዩ የተተከሉ ይመስላሉ፤ ትንሽ ውሃ ግን ያነሳቸዋል፤ ይንከባለላሉ።

ለልደት ወይም ለማኅበር ስብሰባ መጠለያ ከፈለጋችሁ ከከተማው ተከራይታችሁ መያዝ አለባችሁ። የሰመር ቅዳሜዎች ቶሎ ያልቃሉ።

ውሃው ሲሸሽ፦ ኮንስቴሌሽን ፓርክ

ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ካላችሁ መጫወቻውንም አሸዋውንም እርሱት። ከአልካይ ጫፍ በስተደቡብ፣ ቢች ድራይቭ ላይ፣ ኮንስቴሌሽን ፓርክ አለ። ላይ ሆነው ሲያዩት ግድግዳና ድንጋይ ብቻ ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን ከሥሩ ሌላ ዓለም ይወጣል።

እዚህ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሁለቱ ሽሽቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል። ታይድ የሚባለው ይህ ነው። የታይድ ሰንጠረዥ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው ቁጥር ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆነበትን ቀንና ሰዓት ፈልጉ፤ ከዚያ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። በጣም ዝቅ የሚልባቸው የቀን ሰዓቶች የሚመጡት በስፕሪንግ መጨረሻና በሰመር ነው። በዊንተር ዝቅ የሚለው በሌሊት ነው።

ምን ይታያል? ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ ወይን ጠጅና ብርቱካንማ የባህር ኮከቦች። ውሃ ሲለያቸው ተኮማትረው አሸዋ የለበሱ፣ ውሃ ሲያገኙ ደግሞ ጣታቸውን የሚዘረጉ አኔሞኖች። ትንሽ ድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ ብታነሱ አውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ሸርጣኖች በየአቅጣጫው ወደ ጎን ይሮጣሉ። ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ እንደነበረ መልሱት፤ ለእነሱ ጣሪያቸው ነው። አሸዋው ላይ ደግሞ የሸሚዝ ኮሌታ የሚመስል፣ የተጠቀለለ ግራጫ ነገር ታገኛላችሁ። ሰው የጎማ ቁራጭ መስሎት ወደ ቆሻሻ ይጥለዋል። የትልቁ የባህር ቀንድ አውጣ እንቁላል ነው፤ እንቁላሎቹን ከአሸዋ ጋር አጣብቆ የሠራው። ለልጅ ይህን ማሳየት ብቻ ለመንገዱ ይበቃል።

በሰመር ዝቅተኛ ታይድ ባለባቸው ቀናት የሲያትል አኳሪየም ያሠለጠናቸው በጎ ፈቃደኞች እዚህም ሊንከን ፓርክም ይቆማሉ። ልጅ የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ በነፃ ነው።

ታዲያ ኮንስቴሌሽን ይሻላል ወይስ ሊንከን ፓርክ? ለእንስሳቱ ብዛት ኮንስቴሌሽን። ትንሽ ልጅም አብሮ ካለ ግን ሊንከን ፓርክ፤ ሲሰለቸው ወደ መጫወቻው ይወሰዳላ። ኮንስቴሌሽን ላይ አረንጓዴው ሳር መሰል ነገር እጅግ ያዳልጣል፤ ድንጋይ ላይ የተጣበቁት ነጫጭ ቅርፊቶችም እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። ክፍት ጫማና ስሊፐር አይሆንም፤ እርጥብ ቢሆን የማያሳዝን ስኒከር ወይም ቡትስ አድርጉ። መጸዳጃም አልካይ ላይ ተጠቅማችሁ ሂዱ። አልካይ ጫፍ ላይ ያለው መንገድ ለአላፊ መኪና የተዘጋ ስለሆነ ከአልካይ በእግር መምጣት ራሱ ደስ ይላል። በመንገድ ላይ ከ1913 ጀምሮ የቆመው የመርከቦች መብራት ማማ አለ።

ምንም ነገር ይዞ መሄድ የለም። ዛጎልም፣ ሸርጣንም፣ የባህር ኮከብም። ኮንስቴሌሽንም ሊንከን ፓርክም የተጠበቁ የባህር ዳርቻዎች ናቸው። ክላምና ሙስል የሚባሉትን ባለ ዛጎል የባህር እንስሳት ለቅሞ መብላት ደግሞ ከሕጉም በላይ ለጤና ያሰጋል፤ የከተማው ዳር ውሃ የተበከለ ነው፤ አንዳንዴም በምግብ ማብሰል የማይጠፋ መርዝ ይኖርባቸዋል።

ዳርቻው ላይ «ሲል» የሚባለው የባህር እንስሳ ግልገል ብቻውን ተኝቶ ብታዩ የተጣለ አይምሰላችሁ። እናቱ ዓሣ ፍለጋ ሄዳ ነው። ሰው ከቀረበ ፈርታ ላትመለስ ትችላለች። መቶ ያርድ ራቁ፣ ውሻና ልጅ አርቁ። ሲል ሲተርስ የሚባሉ የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ከ2007 ጀምሮ እነዚህን ግልገሎች ይጠብቃሉ፤ ስልክ ከተደወለላቸው ይመጣሉ።

ባህሩን ትቶ መጫወቻ ብቻ ለፈለገ

ነፋሱ ከባህር ሲነሳ ዳርቻው ላይ ሕፃን ማቆም ይከብዳል። ያን ቀን ወደ ሰፈሩ ውስጥ ግቡ። ሮክስሂል ፓርክ የቤተ መንግሥት ግንብ የሚመስል መጫወቻ አለው፤ ልጆች ካስል ፓርክ ይሉታል። ለመውጣትና ለመደበቅ ለሚወድ ልጅ አንደኛ ነው። ሃይላንድ ፓርክ ላይ ደግሞ በሰመር ውሃ የሚረጭበት ነፃ መጫወቻ አለ። ገንዳ ስላልሆነ ውሃ አይጠራቀምም፤ ወላጅ ትንሽ ዘና ይላል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ዌስትክረስት ፓርክ አለ። ከመሬት በታች የተሸፈነ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ የተሠራ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መጫወቻ አለው፤ ዳውንታውንም ከሩቅ ይታያል። ውሻ ላላችሁም ያለ ገመድ የሚለቀቅበት አጥር ያለው ቦታ እዚያ ነው። የሲያትል ባህር ዳርቻዎች ላይና የልጆች መጫወቻ ውስጥ ውሻ በገመድም ቢሆን አይፈቀድም።

ከሃይላንድ ፓርክና ከዌስትክረስት አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፤ በአንድ ከሰዓት ሁለቱም ይሆናሉ።

ጫካ ለሚወድ ሽሚትዝ ፕሪዘርቭ አለ። 53 ኤከር ነው፤ ከአልካይ ቅርብ ሆኖ የድሮዎቹ ትልልቅ ዛፎች አሁንም አሉበት። መጫወቻ የለውም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጋሪ አይሆንም። ግን አልካይ ሰው ሞልቶ ሲያስመርራችሁ እዚያ ፀጥታ አለ። ካምፕ ሎንግ ደግሞ 68 ኤከር ነው። የሚከራዩ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉት፤ ከከተማ ሳይወጡ ማደር ለሚፈልግ ቤተሰብ ይሆናል። በሰው እጅ የተሠራ፣ ሹርማን ሮክ የሚባል የመውጫ ድንጋይም አለው፤ ጉልበቱ የተረፈው ልጅ እዚያ ይለፋል።

ሎውማን ቢች ትንሽ ናት። ከሊንከን ፓርክ በስተሰሜን ነው ያለችው። የድሮው የባህር ግድግዳ ፈርሶ ዳርቻው ወደ ተፈጥሮው ተመልሷል። ለአንድ ሰዓት፣ መጽሐፍ ይዞ ወይም አንድ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው እንጂ ለድግስ አትሆንም።

እንዴት ይኬዳል?

መኪና ለሌላችሁ ደስ የሚል ነገር አለ። 50 ቁጥር አውቶቡስ አንደኛው ጫፉ አልካይ ነው። በሌላው በኩል በኮሎምቢያ ሲቲና በሱዋርድ ፓርክ አድርጎ እስከ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። ስለዚህ ሬኒየር ቫሊ የሚኖር ሰው ባህሩንም ሐይቁንም የሚያገኘው በዚያው አውቶቡስ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይለያል። ወደ አልካይ የሚሄደው ግን ዞሮ ዞሮ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ለሊንከን ፓርክ ከዳውንታውን «ራፒድራይድ ሲ» የሚባለው አውቶቡስ ይወስዳችኋል።

ከሁሉም ደስ የሚለው ወተር ታክሲ የሚባለው ጀልባ ነው። ከዳውንታውን ፒር 50 ተነስቶ ዌስት ሲያትል፣ ሲክረስት በሚባለው ማረፊያ ላይ ያራግፋል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ከ18 ዓመት በታች፣ 18ም ጨምሮ፣ በነፃ ነው፤ አውቶቡሱም እንዲሁ። አዋቂ ብቻ ይከፍላል። ለልጆቹ ጀልባው ራሱ ሽርሽር ነው። ከሲክረስት እስከ አልካይ የሚያደርስ ትንሽ አውቶቡስ አለ፤ ባህር ዳሩን ይዞ በእግር መሄድም ይቻላል። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስትሄዱ እዩ፤ በዊንተር ቅዳሜና እሁድ አገልግሎቱ ስለሚቀንስም በሰመር ያያችሁትን ሰዓት ይዛችሁ አትሂዱ።

ምግብ፣ ቡናና ሕጉ

ፓርክ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው። ሲጋራም ከ2015 ጀምሮ በሁሉም የከተማው ፓርክ ተከልክሏል። ቡና ግን ማን ይከለክላል? አልካይ ላይ ነፋሱ እሳቱን ስለሚያስቸግር ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይቀላል። ሊንከን ፓርክ ላይኛው ክፍል ዛፎቹ ነፋሱን ስለሚሰብሩት ረከቦቱን ዘርግቶ መቀመጥ ያምራል። ምግቡን ክዳን ባለው ነገር ያዙ። ሲጋል የሚባሉት የባህር ወፎችና ቁራዎቹ ሰው አይፈሩም። አሸዋ ላይ ትሪ ገልጣችሁ ዞር ካላችሁ እንጀራው ከነወጡ ይሄዳል። ልጅ በእጁ የያዘውንም ይነጥቃሉ።

ካያክ ወይም ፓድልቦርድ ለምትከራዩ፣ በዋሽንግተን ሕግ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ያለ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ላይፍ ጃኬት ማድረግ ግዴታው ነው። አዋቂውም ያድርግ፤ ስለ ቅዝቃዜው ከላይ ያልኩትን አትርሱ።

ሰመር ሲያልቅ

ብዙው ሰው ከሴፕቴምበር በኋላ ባህሩን ይረሳዋል። እኔ ደግሞ በዚያ ጊዜ ነው ሊንከን ፓርክንና አልካይን ይበልጥ የምመክረው። ፓርኪንግ ይገኛል። በመኸር ኦርካ የሚባሉት ትልልቅ የባህር እንስሳት ሳልመን ዓሣ ተከትለው ወደዚህ የሳውንዱ ክፍል ይገባሉ፤ ዕድል ከቀናችሁ ከዳር ቆማችሁ ጥቁር ክንፋቸውን ታያላችሁ። የሰፈሩ ሰዎች መንገድ ዳር ተደርድረው በአንድ አቅጣጫ በባይኖኩላር ሲያዩ ካያችሁ መኪናችሁን አቁሙና ጠይቋቸው። ደስ ብሏቸው ያሳዩአችኋል፤ ለልጁም መነጽሩን ያውሱታል።

ለዚህ ለዚህ አልካይና ሊንከን ፓርክ እኩል ናቸው። ዝናብ ከመጣ ግን አልካይ ያሸንፋል፤ መንገዱን ተሻግሮ ትኩስ ነገር የሚጠጣበት ቤት አለ። ሊንከን ፓርክ ላይ ያለ ሰው እስከ መኪናው ይሮጣል።